መሬቱ ጨው ሲያወጣ መጀመሪያ ውሃውን ተከተሉ

ማሳ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ብዙ ሰው የሚሮጠው ጨውን ለማጥፋት ነው። ይፍቃል፣ ይጠርጋል፣ ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት የአፈር ማሻሻያ) ገዝቶ ይበትናል፣ ወይም ዝም ብሎ ውሃ ይለቅበታል። አንዳንዴ ይሳካለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ነጩ ነገር ሰፍቶ ይመለሳል። ምክንያቱም ጨው በራሱ አይንቀሳቀስም። የሚያመጣው ውሃ ነው፣ ወደ ላይ የሚያወጣው ውሃ ነው፣ ጠርጎ ሊወስደው የሚችለውም ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ይህንን እንዴት እንደምታውቁና ካወቃችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ገበሬ ጉዳይ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምገማ በዓለም ላይ በጨው የተጠቃው መሬት ወደ 1.4 ቢሊዮን ሄክታር ይጠጋል። ከዓለም የብስ ከ10 በመቶ በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በተፈጥሮው ጨዋማ የሆነ አለ፣ እኛ ሰዎች ያበላሸነውም አለ። ልናስተካክለው የምንችለው ሁለተኛውን ነው።

ጨው እንዴት ይመጣል?

አንደኛው መንገድ መስኖ ነው። ጥሩ የሚባል የወንዝ ውሃ እንኳ ጨው አለው። በአንድ ሊትር 200 ሚሊግራም ጨው ያለበት ውሃ ለመስኖ በጣም ጥሩ ነው፣ ማንም አያማርርበትም። ነገር ግን በዓመት በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሜትር ኩብ ብታጠጡ 2 ቶን ጨው ማሳችሁ ውስጥ አስገባችሁ ማለት ነው። ተክሉ ውሃውን ጠጥቶ ጨውን እዚያው ይተወዋል። ፀሐይም እንደዚያው። መውጫ ከሌለው በየዓመቱ 2 ቶን፣ 2 ቶን እየተባለ ይከማቻል።

በላዩ ላይ ደግሞ ትርፉ ውሃ ወደ ታች ይሰርግና የከርሰ ምድር ውሃን ከፍ ያደርገዋል። የውሃው ወለል ከመሬት በላይኛው ገጽ በ2 ሜትር ገደማ ውስጥ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። የኩራዝ ክር ጋዝ ስቦ ወደ ላይ እንደሚያወጣ ሁሉ አፈሩም ውሃውን ከታች እየሳበ ያወጣዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ከዚህ በኋላ ማጠጣት ብታቆሙም ጨው መውጣቱን አያቆምም።

ሁለተኛው መንገድ መስኖ ጭራሽ የሌለበት ቦታ ላይ የሚከሰተው ነው። ይሄኛው ሰውን በጣም ያሳስታል። ምዕራብ አውስትራሊያን ተመልከቱ። ከባሕር በዝናብና በነፋስ የመጣ ጨው በሺህ ዓመታት ውስጥ በጥልቁ አፈር ተከማችቶ ነበር፣ ሥራቸው ጠልቆ የሚሄድ የአገሬው ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ደግሞ ዝናቡን ከሞላ ጎደል ጠጥተው ስለሚጨርሱት ጨው ባለበት ተኝቶ ይኖር ነበር። ዛፉ ተመንጥሮ ስንዴና የግጦሽ ሳር ሲተካ ያልተጠጣው ዝናብ ወደ ታች መስረግ ጀመረ። የከርሰ ምድር ውሃ ተነሣ፣ ጨውንም ይዞት ወጣ። ይህንን ቀድሞ በጽሑፍ ያስረዳው ዉድ የሚባል የባቡር መሐንዲስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1924። ዛፉ ከተመነጠረ በኋላ ለባቡሩ የሚያስፈልገው ውሃ ጨዋማ እየሆነ ሲያስቸግር አይቶ ነው ሁለቱን ያገናኘው። ማስጠንቀቂያው ከተጻፈ በኋላም ምንጠራው ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ይህ ሁሌ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ዋጋው ዛሬም እየተከፈለ ነው።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር አንድ ነው። ጨው የወጣበት ቦታና ችግሩ የተፈጠረበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ማሳ ታሞ በሽታው ከላይ ከኮረብታው ሊሆን ይችላል።

አካባቢውን ማንበብ

ነጭ ቅርፊት የመጨረሻዎቹ ምልክቶች ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ይታያል፣ ለማየት ግን ማሳ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን መዞር ይጠይቃል። ደረቅ ወቅት ላይ ብትዞሩ ይሻላል።

ከሰብሉ ጀምሩ። ቡቃያው እዚህ በቅሎ እዚያ ጠፍቷል? እንደ ቦሎቄ ያሉ ጥራጥሬዎች ጠፍተው ጎናቸው ያለው ገብስ ደህና ቆሟል? ቅጠሉ ከወትሮው ጠቆር ብሎ፣ ጫፉና ጠርዙ ተቃጥሏል? አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ግን የተጠማ ይመስላል? ይህ የመጨረሻው በጣም ጠቃሚ ምልክት ነው። ጨው የበዛበት አፈር ውሃ ቢኖረውም ለሥሩ አይለቅለትም።

ከዚያ ቀና በሉ። ዛፎች ከጫፋቸው ጀምረው ወደ ታች እየደረቁ ከሆነ፣ በተለይም ዝቅ ባለ ቦታና በወንዝ ዳር፣ ሥራቸው ጨዋማ ውሃ ላይ ደርሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ዝናብ በሌለበት ወር ሳይደርቅ የሚቆይ ረግረግ ቦታ አለ? ከብቶቹ እየሄዱ አፈር የሚልሱበትስ? ኩሬውንም እዩት። ሁልጊዜ ድፍርስ የነበረ ኩሬ ድንገት ጥርት ካለ ሰው ደስ ይለዋል፣ ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም። ጨው ሸክላውን አያይዞ ወደ ታች ስለሚያዘቅጠው ነው ውሃው የጠራው።

ጨው ማሳ ላይ አይቆምም። የቤት ግድግዳ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይፈረፈራል፣ ልስኑ ይረግፋል። የአጥር ሽቦና የብረት ምሰሶ ከሥሩ ይዝጋል። አስፋልት ያለወቅቱ ይሰነጠቃል። ሣር የጠፋበት ራቁት መሬት በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይታጠብና ቦረቦር ይሆናል። ጅረቱ ይጨዋል፣ ከዚያ እንቁራሪቱ ይጠፋል፣ ዓሣው ይመናመናል፣ ወፎቹም ሌላ ቦታ ፍለጋ ይሄዳሉ። የጉድጓድ ውሃ ጣዕሙ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳዩ የእርሻ ብቻ መሆኑ ያበቃል። በማዕከላዊ እስያ ያለው የአራል ባሕር ዙሪያ ይህ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ ሲጠለፉ ባሕሩ ሸሸ፣ የደረቀው ወለል ጨውና አቧራ በነፋስ እየተነሣ በመንደሮችና በማሳዎች ላይ ይወርዳል።

አንድ ጥንቃቄ። ነጭ ነገር ሁሉ ጨው አይደለም። ኖራም ነጭ ነው። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ጥቁር፣ ቅባት የመሰለ ቅርፊት ካያችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሶዲየም የበዛበት አፈር የአፈሩን ብስባሽ አሟሙቶ ሲያወጣው የሚመጣ ነው። እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለኩ፣ አትገምቱ

ጥሩው ነገር መለካቱ ውድ አለመሆኑ ነው። ኢሲ ሜትር የሚባለው ትንሽ የእጅ መሣሪያ ይበቃል። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያው የሚለካው እሱን ነው (ኢሲ የሚባለው ይኸው ነው)፣ ውጤቱም በዴሲሲመንስ በሜትር ይነገራል።

ናሙና ስትወስዱ ከታመመው ቦታ፣ ከደህናው ቦታና ከሁለቱ መካከል ውሰዱ። ከእያንዳንዱ ቦታ ደግሞ በጥልቀት ለዩት፦ ከላይ እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ ከ10 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከቻላችሁ ከዚያም በታች። አትቀላቅሉት። አፈሩን ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፈጭታችሁ ጠጠሩን አውጡ። አንድ እጅ አፈር ከአምስት እጅ የዝናብ ወይም የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር በክብደት ለክታችሁ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ደህና አድርጋችሁ በጥብጡ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የራሱ ጨው አለው። ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ውሃ ለኩ።

ያገኛችሁት ቁጥር በቀጥታ አይነበብም፣ ምክንያቱም ውሃ አብዝታችሁ አቅጥናችሁታል። ለአሸዋማ ሎም (ሎም አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተመጣጠነበት አፈር ነው) በ14፣ ለሎም በ9.5፣ ለከባድ ሸክላ በ6 ገደማ አባዙት። ለምሳሌ ሎም አፈር ላይ 0.6 ካነበባችሁ 0.6 ሲባዛ በ9.5፣ 5.7 ይመጣል። በተለመደው አከፋፈል ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ነው።

ይህ 5.7 ለማን ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1977 ማስና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሰባሰቡት ሰንጠረዥ ዛሬም ይሠራበታል። ቦሎቄ 1.0 ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዴሲሲመንስ 19 በመቶ ምርት ያጣል። በ5.7 ላይ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ይተርፋል። በቆሎ ከ1.7 በኋላ 12 በመቶ ስለሚቀንስ ግማሹን ገደማ ያጣል። ስንዴ እስከ 6.0፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8.0 ድረስ ይችላሉ። ሽንኩርትና ካሮት እንደ ቦሎቄ ስሶች ናቸው። ይህ ሰንጠረዥ ግን የሚናገረው ስላደገ ተክል ነው። ቡቃያ ሌላ ነው። ገብስ እንኳ ሲበቅል ካደገ በኋላ ከሚችለው ያነሰ ነው የሚችለው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት። ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሩና እዩአቸው። ላይኛው አፈር ከታችኛው ይልቅ ጨዋማ ከሆነ ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ነው። እየጠለቃችሁ ስትሄዱ ጨው እየጨመረ ከመጣ ውሃው ወደ ታች እየሄደ ነው፣ ማለትም ማሳው ራሱን እያጠበ ነው። ሁለቱ ማሳዎች ላይ ሕክምናው ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው ላይ ውሃ መጨመር ችግሩን ያባብሳል።

የከርሰ ምድር ውሃውን በዓይን ለማየት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ 3 ሜትር ያህል በአፈር መሰርሰሪያ። ታችኛው ክፍሉ በመጋዝ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡበት፣ ዙሪያውን ጠጠር፣ አናቱ ላይ ግን የዝናብ ውሃ እንዳይገባ በሸክላ ጠቅጥቁት፣ ክዳንም አድርጉለት። በየወሩ ጫፉ ላይ ክብደት ባለው ሜትር ውሃው ስንት ላይ እንዳለ ለኩና ጻፉት። ውሃውን ቀድታችሁ ኢሲውንም ለኩ። ከማንኛውም ማዳበሪያ በፊት ገንዘቤን እዚህ ላይ አወጣለሁ። እስካሁን ይህን የማያደርግ ሰው በጣም ብዙ ነው።

ሶዲየም ሲሆን

የደረቀ የአፈር ጓል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ በዝናብ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ። አትንኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዩት፣ በማግሥቱም እዩት። ዝም ብሎ ከተበተነና ውሃው ከጠራ አፈሩ ብስባሽ አንሶታል እንጂ ሶዲየም አይደለም። ዙሪያውን ወተት የመሰለ ደመና ካወጣ ሶዲየም አለ። እንዲህ ያለው አፈር ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ውሃም አያስገባም።

የሚያታልል ነገር አለ። ጨው በጣም የበዛበት አፈር ሶዲየም ቢኖረውም ላይደፈርስ ይችላል፣ ጨዉ ራሱ ሸክላውን አያይዞ ስለሚይዘው። በንጹህ ውሃ ስታጥቡት ጨዉ ይሄድና አፈሩ ይደረመሳል፣ ውሃ ማስገባትም ያቆማል። ስለዚህ ጨዋማነቱ ከፍ ያለ ከሆነ ላቦራቶሪ ይታይ። ፒኤች (የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳይ ቁጥር) ከ8.5 በላይ፣ ወይም በአፈሩ ላይ ከተያዙት ንጥረ ነገሮች ውስጥ የሶዲየም ድርሻ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ሶዲየም ያጠቃው አፈር ይባላል።

ጂፕሰም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳል፣ የተፈናቀለው ሶዲየም በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። መጠኑን ላቦራቶሪው ይንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ በሄክታር በቶን የሚቆጠር ነው። ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት፣ ከዚያ አጠጡ። ሶዲየም የሌለበት ተራ ጨዋማ አፈር ላይ ጂፕሰም መበተን ግን ገንዘብ መጣል ነው። ጂፕሰም ራሱ ጨው ነው። ሻጩ ይህንን ላይነግራችሁ ይችላል።

ማጠብ፣ ግን መውጫው የት ነው?

ጨውን ለማጠብ የሚያስፈልገው ውሃ በግምት ይታወቃል። 1 ሜትር አፈር ለማጠብ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ብታሳልፉበት ከጨዉ 80 በመቶ ያህሉ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከማጥለቅለቅ ይልቅ እያረፋችሁ በየተራ ብትለቁት በትንሽ ውሃ የበለጠ ጨው ይወጣል። መሬቱ የተስተካከለ ይሁን፣ ካልሆነ ጉብታው ላይ ጨው ይቀራል፣ ጎድጓዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ትነት በሚቀንስበት ቀዝቃዛ ወቅት አድርጉት።

ከታጠበ በኋላ በየወቅቱ ትንሽ ትርፍ ውሃ ያስፈልጋል። ስንት? የውሃችሁን ኢሲ ውሰዱ። ሰብላችሁ የሚችለውን የአፈር ኢሲ በ5 አባዙና የውሃውን ኢሲ ቀንሱበት። ከዚያ የውሃውን ኢሲ ለዚህ ውጤት አካፍሉ። ውሃችሁ 1.0 ቢሆንና ቲማቲም ብትተክሉ (2.5 ይችላል) ከምታጠጡት 9 በመቶ ያህሉ ከሥሩ አልፎ መሄድ አለበት። ቦሎቄ ከሆነ 25 በመቶ። ከዚያ በላይ ማጠጣት ጥቅም የለውም፣ የከርሰ ምድር ውሃን ማንሣት ብቻ ነው።

አሁን ግን ጥያቄው፦ ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ቱቦአችሁ ውስጥ ውሃው በ1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ ከሆነ ማጠብ የሚባል ነገር የለም፣ ከላይ ያፈሰሳችሁት ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ የማጠንፈፊያ ቦይ፣ ወይም ከመሬት በታች የሚቀበር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ያስፈልጋል፣ ከተክሉ ሥር በደንብ ዝቅ ብሎ። ቦዩ የሚያወጣው ውሃም ጨዋማ ነው። ከእናንተ በታች ያለው ጎረቤት የሚያጠጣበት ጅረት ውስጥ ከለቀቃችሁት ችግሩን አላዳናችሁትም፣ ለሰው አስረከባችሁት። ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት ከታችኞቹ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። አውስትራሊያ ውስጥ በመሪ ወንዝ ዳር ጨዋማውን የከርሰ ምድር ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በፓምፕ እየሳቡ ራቅ ወዳለ የማትነኛ ኩሬ ይወስዱታል። ለአንድ ገበሬ የሚቻል አይደለም፣ ለማኅበር ወይም ለመንግሥት ግን ይቻላል።

ዝናብ ብቻ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሥራው ያለው ከላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ውሃ የሚሰርግበትን ከፍታ ቦታ ፈልጉና ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጣ ነገር ትከሉበት፦ ዛፍ፣ አልፋልፋ፣ ቋሚ ሣር። የሚያፈስ የመስኖ ቦይ ካለ ድፈኑት።

በየቀኑ የሚረዱ ትንንሽ ነገሮች

በትልም ስታጠጡ ጨው ወደ መደቡ መሐል ከፍ ወዳለው ጫፍ ይሸሻል። ዘሩን እዚያ አናት ላይ አታስቀምጡት፣ ትከሻው ላይ ይሁን። አንዱን ትልም እየዘለላችሁ ብታጠጡ ጨው ወደ ደረቁ ጎን ይገፋል፣ እናንተ በእርጥቡ ጎን ትተክላላችሁ። በጠብታ መስኖ ደግሞ ጨው የሚሰበሰበው በእርጥቡ ክብ ዳርቻ ላይ ነው። ትንሽ ካፊያ ሲመጣ ሰው ጠብታውን ይዘጋል፣ ስህተት ነው። ካፊያው ያንን ጨው ወደ ሥሩ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ክፍት ይሁን። ከላይ የሚረጭ መስኖ ካላችሁ ማታ አጠጡ፣ ቀን ላይ ቅጠሉ ላይ የደረቀው ጨው ያቃጥላል።

አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ጦሙን የሚያድር ባዶ ማሳ ጨው የሚያወጣ ማሳ ነው። ገለባም ይሁን ሌላ ጉዝጓዝ ትነቱን ይቀንሳል። ፍግና ኮምፖስት ጥሩ ናቸው፣ ግን የእንስሳት ፍግ ራሱ ጨዋማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው በብልቃጡ ለኩት። ፖታሽ የምትጠቀሙ ከሆነ በክሎራይድ ፋንታ የሰልፌቱን ምረጡ።

ክፉኛ የተጎዳውን ቦታ ለጊዜው ከማረስ አሳርፉት። እጠሩት፣ ከብት እንዳይረግጠው፣ ጨው የሚችል ነገር ያዙበት። አትሪፕሌክስ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ከሁሉም ይበረታሉ፣ ረግረግ በሌለበት ቦታ ሮደስ ሣርም ይይዛል። ቁጥቋጦው ሲደርስ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ነገር ግን ቅጠሉ ጨው የበዛበት ስለሆነ ለብቻው አይበላም፦ ሌላ ድርቆሽና ብዙ ንጹህ የመጠጥ ውሃ አብሮ ይቅረብ። እነዚህ ተክሎች ጨዉን ከአፈሩ መጥጠው ይጨርሱታል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የሚሠሩት አፈሩን ሸፍነው ትነት መቀነስና የከርሰ ምድር ውሃውን በጥቂቱ መጠጣት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት ናሙና ውሰዱ። ወር ከቀየራችሁ ማወዳደር አይቻልም፣ ከዝናብ በኋላ ያለ አፈርና በደረቅ ወቅት መጨረሻ ያለ አፈር የተለያየ ቁጥር ያወጣሉና። ላይኛው አፈር ከታችኛው ያነሰ ጨው ማሳየት ከጀመረ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃም ከ2 ሜትሩ ወሰን በታች ወርዶ ከቆየ፣ ያኔ መጀመሪያ ገብስ ዝሩ። ቦሎቄው ይቆይ።